ከአራዳ የገዛሁት ምጣድ፣ የተቃጠለው እጅ እና «መድን አለህ?» የሚለው ጥያቄ

ውጤቱን ከፊት ልንገራችሁ፣ ረጅም ጽሑፍ የማይወድ ይኖራል። ምጣዱ ከ5 ኮከብ 1 እንኳን አይገባውም። ሱቁ 2 ይበቃዋል፣ እሱም በኋላ ላደረገው ነገር። የመድን ቢሮዎቹ ሁለት ስለሆኑ ለየብቻ እነግራችኋለሁ። ጎንደር ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ምድጃ ወይም የውሃ ማሞቂያ ልትገዙ ካሰባችሁ ግን እባካችሁ እስከ ታች ውረዱ። እኔ የማውቀው ነገር መስሎኝ ነበር፣ አላውቀውም ነበር።

የምኖረው ማራኪ ነው። እንጀራ ጋግሬ ለሁለት ሆቴልና ለጥቂት ቤቶች አስረክባለሁ። ጥምቀት ሲደርስ የከተማችን ነገር የታወቀ ነው። እንግዳው ከየአገሩ ይጎርፋል፣ አልጋ ይጠፋል፣ በቀን 100 እንጀራ የሚወስደው ሆቴል 300 አምጪ ይላል። ከሁለቱ ምጣዶቼ የአንዱ ሸክላ ተሰንጥቆ ነበር። ስለዚህ ታኅሣሥ 24 ከፒያሳ ወደ አራዳ ወረድኩና ከአንዱ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር አዲስ ምጣድ ገዛሁ።

ሻጩ ጨዋ ሰው ነው፣ ይሄን አልክድም። ሰክቶ አሳየኝ። ቀዩ መብራት በራ። ሸክላው በደቂቃዎች ውስጥ ሞቀ። ላሜራው አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ክዳኑ ከበድ ያለ ነው፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ዋጋ ላይ ደረስን። «ያለ ደረሰኝ 7,200 ብር፣ በደረሰኝ ከነቫቱ 8,280» አለኝ። «እህቴ፣ ምን ያደርግልሻል ወረቀቱ፣ 1,080 ብር ለልጆችሽ» አለኝ። ትንሽ አመነታሁ። እውነቴን ነው፣ ያለ ደረሰኝ ልወስደው ጫፍ ደርሼ ነበር። ግን የሆቴሎቹ ሒሳብ ሠራተኞች የእኔን ደረሰኝ ስለሚጠይቁኝ እኔም የገዛሁበትን መያዝ ለምዶብኛል። ደረሰኙን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሁሉ የቆመው በዚያች ቁራጭ ወረቀት ላይ ነው።

በመጋገር ረገድ ስሙን ላጥፋው አልችልም። ሙቀቱ ዳር እስከ ዳር እኩል ነው። እንጀራው ዓይኑ ያማረ፣ ጠርዙ የማይደርቅ፣ በጎመን ዘር አንዴ ታሶ ብዙ የሚጋገርበት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ለጎረቤት ሁሉ «ከዚያ ሱቅ ግዙ» እያልኩ ነበር። ይሄ ነው ዛሬ ድረስ የሚያንገበግበኝ።

ጥር 3 ጠዋት ነው። ወለሉን አጥበን ገና አልደረቀም። አብራኝ የምትጋግረው ልጅ ከደምቢያ የመጣች፣ ሥራ የምትወድ፣ 19 ዓመቷ ነው። ጫማዋን አውልቃለች። የምጣዱ ጠርዝ ላይ ሊጥ ፈሶ ስለነበር በእርጥብ ጨርቅ ልትጠርገው እጇን ሰደደች። «እት...» ብላ ቃሏ ተቆረጠ። «እትዬ» ልትል ነበር። ቀና ስል ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ መዳፏ ላሜራው ላይ ተጣብቋል፣ ዓይኗ እኔን ያያል ግን አያየኝም። ልይዛት እጄን ዘርግቼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ መለስኩት። ወደ በሩ ሮጬ ከቆጣሪው ሥር ያለውን ብሬከር አወረድኩት። ያኔ ወደቀች። መዳፏ ከጋለው ብረት ጋር ስለቆየ ቆዳው ተላጦ ነበር። ሆስፒታል ወሰድናት። ልቧ ደህና ነው ተባለ። እጇን ግን ሦስት ሳምንት አልሠራችበትም። ለሕክምናና ለመድኃኒት 2,300 ብር አወጣሁ፣ የሥራ ቀኗ ሳይቆጠር።

በነጋታው አንድ ጋሼ የምንላቸው የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን መጡ። በካቻቢቴ የምጣዱን የታች ላሜራ ፈቱት። እኔም አጠገባቸው ተንበርክኬ አየሁ። ገመዱ ወደ ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ጎማ የለም። የላሜራው ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው። ምጣዱን ባነሳነው ባስቀመጥነው ቁጥር ጠርዙ ገመዱን ግጦት መዳቡ ታየ። እሱ አንድ ነገር ነው። ይባስ ያለው ሌላው ነው። ቢጫና አረንጓዴ የሆነው ሽቦ፣ ኧርዝ የሚሉት፣ ከላሜራው ጋር በብሎን መታሰር የነበረበት፣ በፒንሳ ተቆርጦ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ከስፒናው በኩል አለ፣ ከምጣዱ በኩል የለም። ከውጭ ስታዩት ሦስት ሽቦ ያለው ደህና ገመድ ነው።

«ለምን ብሬከሩ አልወረደም?» አልኳቸው። «ኧርዙ ታስሮ ቢሆን ኖሮ ገመዱ ላሜራውን ሲነካ ኤሌክትሪኩ በሱ በኩል ወደ መሬት ይሄድና ብሬከሩ ወዲያው ይጥል ነበር። አሁን ግን መሄጃ አጣ። መሄጃው ልጅቷ ሆነች» አሉኝ። ደረቅ ወለል ላይ ጫማ አድርገን ስንሠራ ያልታወቀን ለዚህ ነው። የእኔን ሶኬትም በቴስተር አዩት፣ ኧርዝ አለው። ለመሆኑ አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይበላል፣ በ220 ቮልት ከ14 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ይሄን የሚያህል ኤሌክትሪክ እርጥብ እጅ ባለበት ቦታ የሚሠራ ዕቃ ላይ ያለ ኧርዝ መልቀቅ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?

ምጣዱን ገልብጠን የሠራውን ሰው ስም ፈለግን። የለም። ማህተም የለም፣ የቮልት ጽሑፍ የለም፣ ቀን የለም። ምንም።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ከሒሳብ መቀበያው በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሁላችንም የምናውቀው ወረቀት ነው። ሻጩ ሰላም አለኝ፣ ሳስረዳው ፊቱ ተለወጠ። «መብራቱ ነው እህቴ፣ ሰሞኑን ከፍ ዝቅ ሲል አላየሽም?» አለ። የጋሼን ማብራሪያ ነገርኩት፣ በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየሁት። መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ሽቦ በፒንሳ አይቆረጥም። ዝም አለ። ከዚያ «እኔ አልሠራሁትም፣ አምጥቶ ያስረከበኝ ሰው አለ» አለ። ማን ነው ስለው ስልኩ የለኝም አለ። ወጣሁ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ደረሰልኝ። የጎረቤቴ ልጅ እዚሁ ማራኪ ግቢ ዩኒቨርሲቲ የ5ኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነው። ማታ ቡና እየተፈላ ሳወራለት ብድግ ብሎ ወፍራሙን የፍትሐ ብሔር ሕግ ይዞ መጣ። ቁጥር 2085ን አነበበልኝ። በቀላል ቋንቋ ላስቀምጠው። ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አገልግሎቱ ላይ እያለ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ካደረሰ ኃላፊ ነው። ጥፋት ሠርቷል ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም። ይሄ አንቀጽ ያለው ጥፋት ባይኖርም ኃላፊነት በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው። «አውቄ አይደለም» ማለት አያድነውም።

ልጁ በዚህ ይኮራል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፣ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የታወቀውን የግሪንማንን ውሳኔ፣ አምራች ጥፋቱ ባይረጋገጥም ኃላፊ ነው ያለበትን፣ የሰጠው በፈረንጆች 1963 ነው። የእኛ በእነሱ አቆጣጠር 1960። ሦስት ዓመት ቀድመናል ማለት ነው። ወረቀት ላይ።

አንድ ቀዳዳ ግን አለው። ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከሆነ አምራቹ ኃላፊ አይሆንም። ሸክላው ተሰንጥቆ እያየሁ ብገዛው፣ ገመዱ ከውጭ ተልጦ እያየሁ ብሰካው፣ ጥያቄዬ ውድቅ ነው። የእኔ ግን ከላሜራው ሥር ነው። የትኛዋ ሴት ናት ሱቅ ውስጥ ምጣድ በካቻቢቴ ፈትታ የምትገዛ? «ፎቶውን አታጥፊው፣ ምጣዱንም እንዳታሠሪው» አለኝ። ይሄ ትልቅ ምክር ነው። ብዙዎቻችን ዕቃ ሲበላሽ ወዲያው እናሠራዋለን፣ ማስረጃውን በገዛ እጃችን እናጠፋለን።

ሌላ የጨነቀኝ ነገር ነበር። ምጣዱን የገዛሁት እኔ ነኝ። የተቃጠለችው እሷ ናት። ደረሰኙ ላይ ስሟ የለም። እንዴት አድርጋ ትጠይቃለች? ልጁ የስኮትላንድን ታሪክ ነገረኝ። በፈረንጆች 1928 ፔይዝሊ በምትባል ከተማ አንዲት ሴት ካፌ ገብታ ጓደኛዋ የዝንጅብል መጠጥ ገዛችላት። ጠርሙሱ ጥቁር ነው፣ ውስጡ አይታይም። ከጠጣች በኋላ የቀረው ሲቀዳ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ ተባለ። ታመመች። ገንዘቡን የከፈለችው ግን እሷ አይደለችም፣ ከካፌው ጋርም ከፋብሪካውም ጋር ውል የላትም። በ1932 የብሪታንያ ከፍተኛው ችሎት አምራች ለመጨረሻው ተጠቃሚ የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ። የእኛም አንቀጽ «ሌላ ሰው» ነው የሚለው፣ «ገዢው» አይልም። የደምቢያዋ ልጅ ደረሰኝ አያስፈልጋትም። ይሄን ስሰማ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ምክንያቱም እኔ ብከፍላትም ባልከፍላትም እሷ በራሷ መብት አላት ማለት ነው።

ለእኔ ለገዢዋ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አዋጅ አይሽርም። ከዚህም በላይ በዕቃው ምክንያት ለደረሰ ጉዳት ካሳ ሲጠየቅ፣ ከአምራቹ ወይም ከአስመጪው ጀምሮ እስከ ቸርቻሪው በአቅርቦቱ ውስጥ ያለፈውን ሁሉ በአንድነትም በተናጠልም መጠየቅ ይቻላል። «እኔ አልሠራሁትም» የሚለው የሻጭ መልስ እዚህ ላይ አይሠራም። አምራቹ ስሙን ካልጻፈ፣ አምራቹን የሚያውቀው ሻጩ ነው። እሱ ይናገር።

ቀን ቆጠርኩ። ታኅሣሥ 24 ገዝቼ 15 ቀኑ ጥር 9 ያልቃል። ያን ዕለት ማታ ጥር 4 ነው። ደብዳቤ ጻፍን። አጭር ነች። ምን እንደገዛሁ፣ በስንት፣ የደረሰኙ ቁጥር፣ ጉድለቱ ምን እንደሆነ፣ ምን ጉዳት እንደደረሰ፣ ምን እንደምጠይቅ። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ገዢው ዕቃውን ወዲያው እንዲመረምርና ጉድለቱን ለይቶ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ካሳወቀ በኋላ ደግሞ አንድ ዓመት አለው። «አበላሸኸኝ» ብሎ መጮህ ማሳወቅ አይደለም። የትኛው ሽቦ፣ የትኛው ቦታ፣ ይባላል። ሁለት ኮፒ አድርጌ በማግስቱ ወስጄ አንዱን ሰጠሁት፣ ሌላው ላይ ተቀብያለሁ ብሎ እንዲፈርም ለመንኩት። እምቢ አለ። ሁለት ምስክር ይዤ ሄጄ ስለነበር እነሱ ፈረሙ። ከዚያ ወደ ከተማው የንግድ መሥሪያ ቤት ሄጄ አቤቱታዬን አስመዘገብኩ። ጥምቀት ደርሶ ሁሉም ሰው ሩጫ ላይ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፣ ግን ተቀበሉኝ።

ጥር 8 ሻጩ ራሱ ደወለ። «እህቴ፣ ነይ» አለኝ። ስሄድ ከመጋዘኑ የቀሩትን ስድስት ምጣዶች አውጥቶ ፈትቷቸዋል። የአራቱ ኧርዝ ተቆርጧል። እሱም ደንግጧል፣ ፊቱ ያስታውቃል። 8,280 ብሬን መለሰልኝ። አራቱን ምጣዶች ከሽያጭ አወጣ። ሌሎች ገዢዎችንም ስልካቸው ያለውን እየደወለ ነው አለኝ። ሁለት ኮከብ የሰጠሁት ለዚህ ነው። ሌላው ሻጭ ቢሆን ናስትሮውን አስተካክሎ ይሸጣቸው ነበር።

የልጅቷ ካሳ ላይ ግን ተያዝን። ዋጋ መመለስና ካሳ ሁለት ነገሮች ናቸው፣ ይሄን ብዙ ሰው ያቀላቅለዋል። ሕጉ ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል። ሕክምናው፣ የቀረባት የሥራ ቀን፣ እጇ ላይ የቀረው ጠባሳ። ሻጩ አሰበና «ከየት አምጥቼ?» አለ። እውነቱን ነው። ትንሽ ሱቅ ነው። ምጣድ ሠሪው ደግሞ በሁለት በር ግቢ ውስጥ የሚበይድ አንድ ሰው ሆኖ ተገኘ። ያኔ ነው ጥያቄው የመጣልኝ።

«መድን አለህ?» አልኩት።

«አዎ፣ ለመኪናዬ» አለኝ።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ለመኪና ሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያስገድዳል፣ ስለዚህ ሁሉም አለው፣ ሰው ሲገጭ የተጎዳው ቢያንስ የሚጠይቀው ኪስ አለ። ለዕቃ ሠሪ ግን ማንም አያስገድደውም። መብቱ በሕግ ተጽፏል፣ ኪሱ ግን ባዶ ነው። ፍርድ ቤት ብትረቺ የምታስፈጽሚበት ንብረት ከሌለ ፍርዱ ወረቀት ነው። የልጅቷ ጉዳይ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ደግሞ በይርጋ ይታገዳል። ጊዜው አለን፣ እየገፋንበት ነው። እስካሁን ሻጩ 1,000 ብር ሰጥቷታል። ሠሪው ምንም።

ከዚያ እልህ ያዘኝና ዕቃ ሠሪና ሻጭ ዕቃቸው ሰው ቢጎዳ የሚከፍልላቸውን፣ የምርት ኃላፊነት የሚባለውን መድን ለማወቅ ሁለት የመድን ቅርንጫፍ ቢሮ ሄድኩ። አንደኛው 1 ኮከብ። የተቀበለኝ ሰው «የእሳት አደጋ ነው የምትፈልጊው?» አለኝ። አይደለም ስለው «የመኪና?» አለ። የምርት ኃላፊነት ስለው እንዲህ ያለ ነገር ለትልልቅ ፋብሪካ ነው ብሎ ስልኩን ማየት ጀመረ። ብሮሹር እንኳን የለም። ወጣሁ።

ሁለተኛው 4 ኮከብ። የተቀበለችኝ ወጣት ሴት ወንበር ሳበችልኝ፣ ወረቀት አውጥታ እየሳለች አስረዳችኝ። የገባኝን ላካፍላችሁ። የእሳት መድን ካላችሁ፣ ምጣዱ ነዶ ቤቱን ቢያቃጥል ቤቱን ይከፍላል። የነደደውን ምጣድ ራሱን ግን በውስጡ በተፈጠረ ሾርት ከሆነ አብዛኛው ፖሊሲ አይከፍልም። የሕዝብ ኃላፊነት የሚሉት ደግሞ ሰው ግቢያችሁ ገብቶ ቢጎዳ ነው። የምርት ኃላፊነት ከሁለቱም ይለያል። ዕቃው ከእጃችሁ ወጥቶ ሌላ ቤት ገብቶ እዚያ ሰው ሲጎዳ ወይም ንብረት ሲያጠፋ ነው የሚሠራው።

ምን እንደማይከፍልም ጠየቅኋት። የተበላሸውን ዕቃ ራሱን አይቀይርም፣ እሱ የሻጩና የሠሪው ዋስትና ነው። ከገበያ የሚሰበሰቡ ዕቃዎችን ወጪ በተራው ፖሊሲ አይሸፍንም። አውቆ የተሠራ ጥፋትን ማንም መድን አይከፍልም፣ የንግድ ሕጉም አይፈቅድም። እያወቀ ኧርዝ የቆረጠ ሰው በመድን ተጠልሎ አይተኛም ማለት ነው። ለአንድ አደጋ ጣሪያ አለው፣ ለዓመቱም ጠቅላላ ጣሪያ አለው። ከእያንዳንዱ ካሳ የመጀመሪያውን የተወሰነ መጠን መድን ገቢው ራሱ ይችላል። አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለው ክፍያ፣ የሚሰላው በአብዛኛው በዓመት ሽያጭ ነው። ስለዚህ ደረሰኝ የማይቆርጥ ነጋዴ ሽያጩን ማሳየት አይችልም። ያኔ ያ 1,080 ብር ዋጋው በደንብ ገባኝ።

አንድ ሌላ ነገር ነገረችኝ፣ ይሄ ለቤት ባለቤቶች ነው። መድን ድርጅቱ ለእናንተ ከከፈለ በኋላ በእናንተ ቦታ ተተክቶ ጉዳት ያደረሰውን ሰው መጠየቅ ይችላል። ቤታችሁ በምጣድ ምክንያት ቢቃጠልና መድን ቢከፍላችሁ፣ የምጣድ ሠሪውን በር የሚያንኳኳው መድን ድርጅቱ ነው። ለዚህም ነው ደረሰኝና የተቃጠለው ዕቃ ቅሪት የሚፈልጉት። አትጣሉት። (በነገራችን ላይ አዲሱ የ2013 የንግድ ሕግ ሲወጣ የመድኑ ክፍል አልተለወጠም፣ አሁንም የሚሠራው የ1952ቱ ነው። ተማሪው ነው የነገረኝ።)

አንድ ኮከብ የቀነስኩባት ለሷ አይደለም። ዋጋውን እዚሁ ጎንደር መንገር አልቻሉም፣ አዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት ይላካል አለች። ፎርሙን ሞላሁ። ለማን? ለራሴ።

አዎ፣ ለራሴ። ወደ ቤት ስሄድ ቀሃን ተሻግሬ እያሰብኩ ነበር። ቁጥር 2085 ምጣድ አይልም። ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ይላል። እኔስ? በቀን 200 እንጀራ ሠርቼ ለሕዝብ አቀርባለሁ። የገዛሁት ጤፍ ውስጥ የማላውቀው ነገር ተቀላቅሎ የሆቴል እንግዳ ቢታመም «ወፍጮ ቤቱ ነው» ማለት አልችልም፣ ልክ ሻጩ ለእኔ ማለት እንዳልቻለው። ሻጩ ላይ የጮህኩትን ያህል ለራሴም መጠየቅ አለብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጤፉን ከማን በየትኛው ቀን እንደገዛሁ፣ የትኛው ቡኮ ለየትኛው ሆቴል እንደሄደ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ፎርሙም ይሄንኑ ነው የጠየቀኝ። ምን ታመርቻለሽ፣ ለማን ትሸጫለሽ፣ በዓመት ስንት፣ ከዚህ በፊት ቅሬታ ቀርቦብሽ ያውቃል ወይ። የመጨረሻውን ስሞላ እጄ ትንሽ ዘገየ። ከአራት ዓመት በፊት እንጀራ ውስጥ አሸዋ አገኘን ያለኝ ሆቴል ነበር። ጻፍኩት። መድን ሲገቡ እውነቱን መደበቅ በኋላ ካሳውን ያሳጣል።

ይሄንን ጽሑፍ የሚያነብ ምጣድ ሠሪ ካለ፣ ወንድሜ፣ ኧርዝ ማሰር አንድ ብሎን ነው። ቀዳዳው ላይ የምትገባው ጎማ ከአንድ ማኪያቶ ታንሳለች። ሰው እንዳይሞት የሚያደርገው ይሄ ነው። ስምህንም ጻፍበት። ስሙን የማይጽፍ ሰው ዕቃውን እሱ ራሱ አያምነውም ብዬ ነው የማስበው።

ለገዢዎች ደግሞ እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ሱቅ ስገባ ምጣዱን አስገለብጠዋለሁ። ሠሪው ማን ነው እላለሁ። ሻጩ ካላወቀ ሌላ ሱቅ። ገመዱ የሚገባበትን ቀዳዳ በጣቴ እነካዋለሁ፣ ጎማ አለው ወይ? ቴስተር ያለው ሱቅ ከሆነ የስፒናውን ኧርዝና ላሜራውን አገናኝቶ እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ፣ ጩኸት ከሰጠ ታስሯል ማለት ነው፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ደረሰኙ ላይ «ምጣድ» ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም ይጻፍ። ቤት ስደርስ ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ፣ ኧርዝ ባይኖርም ሰው ሲነዝር የሚጥለውን ብሬከር አስገጥሜያለሁ። ከተራው ይወደዳል። ግን እሱ ጥር 3 ቀን ቢኖር ኖሮ ይሄን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

አዲሱን ምጣድ የገዛሁት አዘዞ ካለ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ነው። 5 ኮከብ። ሠሪው እዚያው ፊቴ የታች ላሜራውን ፈትቶ ኧርዙን አሳየኝ፣ ብሎኑን በካቻቢቴ አጠበቀው። ስምህን ጻፍልኝ ስለው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ የበር ቀለም አምጥቶ ከሥሩ ስሙን፣ ስልኩን፣ ቀኑን ጻፈ። መድን አለህ ወይ አልኩት። የለኝም፣ ምን ዓይነት መድን ነው አለ። የሁለተኛውን ቢሮ ፎርም ኮፒ ሰጠሁት።

ልጅቷ ጥር 25 ተመለሰች። መዳፏ ላይ ሮዝ የሆነ ቆዳ አለ፣ ገና ይሳሳል። ጎማ ጫማ ገዝቼላታለሁ። አዲሱን ምጣድ ከመሰካታችን በፊት «እትዬ፣ እስቲ ገልብጪልኝ» አለችኝ። ገለበጥኩላት። ተንበርክካ ቀዳዳውን በጣቷ ነካችው፣ ጎማውን ጫን አድርጋ አየችው፣ ስሙን ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ ሰካችው።